ቁፋሮው በውኃው ደጃፍ፦ የኢየሩሳሌም ቧንቧና የተፈጥሮ ጋዝ

የኢየሩሳሌም ነዋሪ ቧንቧ ሲከፍት የሚወርድለት ውኃ በዋናነት ከሁለት ቦታ የመጣ ነው። አንዱ ከይሁዳ ተራሮች ሥር ካለው የኖራ ድንጋይ፣ ሌላው ከሜዲትራኒያን ባሕር። ባለፉት ሃያ ዓመታት ነዳጅና ጋዝ ፈላጊዎች መሰርሰሪያቸውን ይዘው በሁለቱም ምንጮች ደጃፍ ቆመዋል። በተራራው በኩል ነዋሪዎች ተቃወሙ፣ የሚወስነውም አካል ሰማቸው። በባሕሩ በኩል ግን ቁፋሮው ተፈቀደ። ዛሬ ከባሕሩ ወለል የሚወጣው ጋዝ የከተማዋን መብራት ከማብራት አልፎ የምትጠጣውን ውኃ እስከ ማጣራትና ወደ ተራራ እስከ መግፋት ደርሷል።

ጋዝ ፍለጋ ምድር ሲበሳ የሰው መጠጥ ውኃ ምን ይሆናል? ጉዳት ቢደርስስ ማን፣ በምን ማስረጃ ያረጋግጣል? ጥያቄው ለኢየሩሳሌም ብቻ የሚቀር አይደለም። ከአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ እስከ ኦጋዴን ድረስ ሰዎች ጠይቀውታል፤ መልስ ያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዝ የሌላት ከተማ

ኢየሩሳሌም ወንዝ የላትም። ከጥንት ጀምሮ የኖረችው በግዮን ምንጭና በዝናብ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ የግዮንን ውኃ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ እንዳመጣበት የሚነገረው፣ 533 ሜትር የሚረዝመው የአለት ውስጥ መተላለፊያ ዛሬም ውኃ ይሄድበታል። የከተማዋን የውኃ አገልግሎት የሚያስተዳድረው ሀጊሖን ኩባንያም የሚጠራው በዚሁ ምንጭ ስም ነው። ምንጩ የማይበቃቸው ሰፈሮች ሕይወታቸው የተንጠለጠለው በየግቢው በተቆፈረ የዝናብ ውኃ ጉድጓድ ላይ ነበር። ከዴር ሱልጣን ገዳም አጠገብ፣ በግብጾች ቤተ ክርስቲያን በኩል የሚወረድበት የቅድስት እሌኒ የውኃ ጉድጓድ የዚያ ዘመን ምስክር ነው፤ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ሰው በደረጃ የሚወርድበት ሰፊ የውኃ ጎተራ።

በኢየሩሳሌም ያለው የኢትዮጵያ ጎዳናም በዚህ ሥርዐት ውስጥ ነው የተወለደው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከተማዋ ከግንቧ ወጥታ ስትሰፋ፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የተጀመረው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893 ተፈጸመ። በዙሪያውና በነቢያት ጎዳና አካባቢ እቴጌ ጣይቱን ጨምሮ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ቤት አሠሩ፣ ቦታም ገዙ። ያን ጊዜ በአካባቢው የቧንቧ ውኃ አልነበረም። ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረቱ ጋር የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ግድግዳው ውኃ እንዳያሰርግ ይለሰናል፤ የጣሪያው ዝናብ በአሸንዳ ወደዚያ ይወርዳል። ከፋሲካ በኋላ ሰማዩ ሲዘጋ እስከ መስከረም የሚጠጣው ያ ውኃ ነው። ባለቤቱ ውኃው ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ጣሪያው ከቆሸሸ ውኃው እንደሚበላሽም ያውቃል። ዛሬ ቧንቧ ከፍቶ የሚጠጣ ሰው ያን እውቀት ለሌሎች ትቶታል።

በ1930ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች በምዕራቡ ሜዳ ጠርዝ ካሉት የሮሽ ሃዓይን ምንጮች ተነሥቶ ተራራውን የሚወጣ ቧንቧ ዘረጉ። በ1948ቱ ጦርነት ኢየሩሳሌም ስትከበብ ይህ ቧንቧ ተቋረጠ። ከተማዋ በጥም ያልወደቀችው የየቤቱ አሮጌ ጉድጓዶች አስቀድመው ተቆጥረው፣ ተሞልተውና ታሽገው ስለነበር ነው፤ ውኃው በመኪና እየዞረ በልክ ታደለ።

ሮሽ ሃዓይን ላይ የሚፈልቀው ውኃ ግን የሜዳ ውኃ አይደለም፤ የተራራው ነው። በኢየሩሳሌምና በዌስት ባንክ ኮረብቶች ላይ በዓመት 500 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይዘንባል። የኖራ ድንጋዩ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነውና ዝናቡ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከመሬት በታች ወደ ምዕራብ ተጉዞም በሜዳው ጠርዝ ላይ ይወጣል። ባለሙያዎች ይህን ክምችት ያርኮን-ታኒኒም ይሉታል። በዓመት ከ300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይሞላዋል፤ እስራኤላውያንም ፍልስጤማውያንም ይጠጡታል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ማንቆርቆሪያና ጀበና ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር የዚህ አለት ርዝራዥ ነው፤ ውኃው በኖራ ድንጋዩ ሲያልፍ ያሟሟው ካልሲየም ሲፈላ ተመልሶ ይደርቃል።

የዚህ አለት ደግነቱም ክፋቱም ያው ስንጥቁ ነው። አሸዋ ውኃን እያጣራ ቀስ ብሎ ያሳልፋል። የተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ ግን የሰጡትን ሁሉ፣ ንጹሑንም ቆሻሻውንም፣ በፍጥነት ይዞ ይሄዳል። አንዴ ነዳጅ ወይም ኬሚካል ከገባበት ሄዶ መልቀም አይቻልም።

የዓዶላም ሙግት

በዚህ አለት ላይ፣ ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከቤት ሼሜሽ ወዲያ የዓዶላም አገር አለ። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተሸሸገበት ዋሻና ጎልያድን የገጠመበት የኤላ ሸለቆ በዚያ ናቸው። ዛሬ የወይን እርሻ፣ የስንዴ ማሳና ትንንሽ መንደሮች አሉበት። ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የሚኖሩባት ቤት ሼሜሽም ከአጠገቡ ናት።

በ2008 የእስራኤል መንግሥት በዚህ አካባቢ 238 ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚያህል ቦታ የፍለጋ ፈቃድ ሰጠ። ፈቃዱን ያገኘው የአሜሪካው ጂኒ ኢነርጂ ንብረት የሆነ፣ እስራኤል ኢነርጂ ኢኒሺየቲቭስ የተባለ ኩባንያ ነው። ቀላል ድርጅት አልነበረም። ዋና ሳይንቲስቱ ሃሮልድ ቪነጋር በሼል ኩባንያ ለረጅም ዘመን የሠሩ የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። በ2010 የሚዲያ ባለሀብቱ ሩፐርት መርዶክና ሎርድ ጄኮብ ሮትስቻይልድ በጂኒ ድርሻ ገዙ።

ፍለጋው የተለመደው ዓይነት የጋዝ ጉድጓድ አልነበረም። በዓዶላም መሬት ውስጥ ያለው፣ ፈሳሽ ሆኖ የማይወጣ የነዳጅ ቅድመ አያት ያዘለ አለት ነው፤ ባለሙያዎች ኦይል ሼል ይሉታል። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። አለቱ ድረስ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ማሞቂያ ይወርድባቸዋል፤ አለቱ እዚያው መሬት ውስጥ እንዳለ 300 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በላይ እስኪደርስ ለዓመታት ይጋገራል። ያን ጊዜ ከአለቱ የሚለቀቀው ዘይትና ጋዝ በሌሎች ጉድጓዶች ተስቦ ይወጣል። መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ሊሞከር ታቀደ።

ችግሩ ከሥሩ ያለው ነው። ዘይት ካዘለው አለት በታች፣ ውኃ አያሳልፍም ከሚባል ወፍራም የአፈር ድንጋይ ሽፋን ቀጥሎ፣ ያ የኢየሩሳሌም የኖራ ድንጋይ ውኃ ይገኛል። ኩባንያው ሽፋኑ በቂ መከላከያ እንደሆነ፣ ቁፋሮውም ወደ ውኃው እንደማይደርስ አስረዳ። ነዋሪዎቹ ደግሞ፣ ለዓመታት የተጋገረ አለት ከበረደ በኋላ ሽፋኑ ሳይሰነጠቅ እንደሚቀር በዚህ አገር በተግባር ያሳየ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በሌላ አገር የተሞከረው በትንሹ ነው፤ ሚሊዮኖች ከሚጠጡት ውኃ በላይ ደግሞ ልምድ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ዓዶላምን እናድን» በሚል የተሰበሰቡት ነዋሪዎች ወይን አልሚዎች፣ መምህራንና ጡረተኞች ነበሩ። አዳም ቴቫ ቫዲን የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ጉዳዩን በ2010 ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደው። ነዋሪዎቹ ስለ ጂኦሎጂ አነበቡ፣ ባለሙያ ጋበዙ፣ ካርታ ይዘው በስብሰባ ላይ ተገኙ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርም የሙከራ ሥራውን ተቃወመ። በመጨረሻ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2014፣ የኢየሩሳሌም አውራጃ የፕላንና የግንባታ ኮሚቴ የሙከራ ዕቅዱን ውድቅ አደረገው።

በዚያ ውሳኔ ውስጥ ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። ኮሚቴው የተናገረው ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ነው። ውኃው ተበላሽቶ፣ ሰው ታሞ፣ ጠበቃ ተቀጥሮ፣ ሃያ ዓመት ከተከራከሩ በኋላ አይደለም።

ሲሚንቶው ሲያፈስ

ጋዝ ቁፋሮ ሁልጊዜ ውኃ ያበላሻል ማለት ሐሰት ነው። ጥንቃቄ እስካለ ምንም አይሆንም ማለትም እንደዚያው ሐሰት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጉድጓድ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ጋዙ ብዙውን ጊዜ ከሺህ ሜትር በታች ነው፤ የመጠጥ ውኃው ከላይ ነው። መሰርሰሪያው ወደ ጋዙ ለመድረስ በውኃው መካከል ማለፍ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈርና የብረት ቱቦ ይገባበታል፤ በቱቦውና በአለቱ መካከል የቀረው ክፍተት ከሥር ወደ ላይ በሚገፋ ሲሚንቶ ይሞላል። ሲደርቅ በዚያ ቱቦ ውስጥ በጠባብ መሰርሰሪያ ይቀጥሉና ሌላ ቱቦ፣ ሌላ ሲሚንቶ ያስገባሉ። ቤተ ሰብ የሚጠጣውን ውኃ በከፍተኛ ግፊት ከሚወጣው ጋዝ የሚለየው ይህ ብረትና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው በደንብ ካልያዘ፣ አረፋ ከቀረበት ወይም ከዓመታት በኋላ ከተሰነጠቀ፣ ጋዙ በውጭ በኩል ወደ ላይ እየሾለከ ውኃው ውስጥ ይገባል።

ይህ ጋዝ ሚቴን ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ማእድ ቤት ውስጥ ሰው የሚያውቀው የጋዝ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። የተፈጥሮ ጋዝና በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝም አንድ አይደሉም፤ የሲሊንደሩ በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ሚቴን የገባበትን ውኃ መጠጣት መርዝ እንደሆነ አልታወቀም። አደጋው ከውኃው ወጥቶ በተዘጋ ቤት፣ በምድር ቤት ወይም በጉድጓድ ክዳን ሥር ሲጠራቀም ነው፤ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል።

በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ዲሞክ በምትባል የገጠር መንደር የሆነው ይኸው ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 2009 የአንድ ቤት የውኃ ጉድጓድ ፈንድቶ የኮንክሪት ክዳኑን ወረወረው። በአካባቢው ጋዝ ይቆፍር የነበረው ካቦት ኦይል ኤንድ ጋዝ የተባለ ኩባንያ ነው። የግዛቱ ባለሥልጣናት የጉድጓዶቹን አሠራር ጥፋተኛ አደረጉ፤ ኩባንያው ደግሞ ሚቴን በዚያ ምድር ከድሮም የነበረ ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2022 የካቦት ተተኪ ኮቴራ ለቀረበበት የወንጀል ክስ አልከራከርም አለና ለነዋሪዎቹ የቧንቧ ውኃ ማስገቢያ 16 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ። ከፍንዳታው እስከዚያ ድረስ ከ13 ዓመት በላይ አልፏል።

የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በፔንሲልቬኒያና በኒውዮርክ የሚገኙ 68 የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶችን መረመሩ። ከሚሠራ የጋዝ ጉድጓድ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሉት ውኃዎች ያገኙት ሚቴን ራቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 17 እጥፍ ነበር። አለት ለመሰንጠቅ በግፊት የሚገባው ኬሚካል ግን በውኃዎቹ ውስጥ አልተገኘም። ፍራኪንግ የሚባለውን ይህን አለት የመሰንጠቅ ሥራ ብዙ ሰው የችግሩ ሁሉ ምንጭ ያደርገዋል። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ብዙውን ጊዜ በደሉ የሚፈጸመው ከጥልቁ ይልቅ ወደ ላይ ቀረብ ብሎ እንደሆነ ነው፤ ባልያዘ ሲሚንቶ፣ በፈሰሰ በርሜል፣ በሞላ የቆሻሻ ገንዳ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ2016 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርቱ ሥራው በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውኃን እንደሚጎዳ ተናግሯል።

ከጋዙ ጋር የሚወጣው ውኃም የሚረሳ አይደለም። ከባሕር ውኃ በላይ ጨዋማ ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚንን (benzene፤ የመኪናውን ነዳጅ ሳይሆን ኬሚካሉን) የመሳሰሉ የነዳጅ ቅንጣቶችና አንዳንዴም ራዲየም ይይዛል። ቤንዚን ካንሰር የሚያመጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ0.01 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ቆሻሻ ውኃ የት ይደፋል? ቁፋሮ ሊመጣበት ያለ ሰፈር መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው።

የዲሞክ ሰዎች ትልቁ ችግር ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ውኃቸው ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር በቂ ምርመራ አለመኖሩ ነበር። የድሮው ካልታወቀ አዲሱን ማን ያረጋግጣል? የኮሎራዶ ግዛት ከ2013 ጀምሮ ኩባንያዎች ከቁፋሮ በፊትም ከቁፋሮ በኋላም በአካባቢው ያሉ የውኃ ጉድጓዶችን እንዲያስመረምሩ በሕግ ደንብ አስገድዷል። ወጪው ከአንድ የጋዝ ጉድጓድ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ከጎላን እስከ ባሕር

ዓዶላም ላይ የተከለከለው የጂኒ ኢነርጂ ቤተ ሰብ በጎላን ኮረብቶች ሌላ ዕድል አገኘ። እኅት ኩባንያው አፌክ በ2013 ፈቃድ ወሰደ። ቦታው ዝናቡ ወደ ገሊላ ባሕር፣ ወደ ኪኔሬት የሚወርድበት ነው። በ2014 የሰሜን አውራጃ ኮሚቴ የሙከራ ጉድጓዶቹን ሲፈቅድ ፍርድ ቤት ለጊዜው አገደ፤ እገዳው በዓመቱ መጨረሻ ተነሣ፤ ቁፋሮው በ2015 ተጀመረ። በ2017 ማብቂያ ላይ ኩባንያው ለንግድ የሚበቃ ነገር እንዳላገኘ አስታውቆ ሥራውን አቆመ። ኪኔሬት ተረፈ፤ እዚያ ግን ያዳነው አስቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ ሳይሆን የምድሩ ባዶነት ነው።

እውነተኛው ሀብት የተገኘው በባሕር ውስጥ ነው። ታማር የተባለው የጋዝ ማሳ በ2009፣ ሌቪያታን በ2010 ተገኙ። ሌቪያታን ከሃይፋ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ባሕር ሥር ነው። የታማር ጋዝ በ2013 መፍሰስ ጀመረ፤ የሌቪያታን በዲሴምበር 31 ቀን 2019። ከድንጋይ ከሰል ጭስ በብዛት የተላቀቀው የአገሩ ሰማይ ለዚህ ጋዝ ባለ ዕዳ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ዛሬ ከእስራኤል ኤሌክትሪክ ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰው የሚመነጨው በተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ጋዙ በሚጣራበት የባሕር ላይ መድረክ ምክንያት ነው። የሌቪያታን መድረክ ከዶር የባሕር ዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ቆመ። ነዋሪዎች ጋዙ ከተገኘበት አጠገብ፣ በጥልቁ ባሕር ይጣራ ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። በዲሴምበር 2019 የኢየሩሳሌም አውራጃ ፍርድ ቤት የመድረኩን የመጀመሪያ ጋዝ ልቀት ለሁለት ቀን ያህል አግዶ ነበር። ያ ሙግት በዋናነት ስለ አየር ነበር፤ ከሥሩ ግን የውኃ ፍርሃትም ነበረበት። ከጋዙ ጋር ኮንደንሴት የሚባል ቀላል ነዳጅ ይወጣል። ይህ ነዳጅ ባሕር ላይ ቢፈስ ማዕበሉ ወዴት ይወስደዋል? ከዶር በስተ ደቡብ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የሚኖሩባት ሐደራ አለች፤ እዚያም ከአገሪቱ ታላላቅ የባሕር ውኃ ማጣሪያዎች አንዱ የባሕሩን ውኃ በቱቦ ይስባል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለሰው። አሽኬሎን በ2005፣ ፓልማሂም በ2007፣ ሐደራ በ2009፣ ሶሬክ በ2013፣ አሽዶድ በ2015 ማጣሪያዎቻቸውን ከፈቱ። ዛሬ በእስራኤል ቤቶች ከሚጠጣው ውኃ ከግማሽ በላይ ባሕር የነበረ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃን ከጨው ለመለየት 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ያንኑ ውኃ ከባሕር ጠረፍ ወደ ኢየሩሳሌም፣ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ለመግፋት ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይጨመራል። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከጋዝ ነው። በኢትዮጵያ ጎዳና የሚቀዳ አንድ ባልዲ ውኃ ከሌቪያታንና ከታማር ጋር የተሳሰረው እንዲህ ነው። ባሕሩ ቢቆሽሽ ማጣሪያው ይቆማል፤ ጋዙ ቢቋረጥ ፓምፑ ይቸገራል።

ስለዚህ በተራራው ሥር ያለው ንጹሕ ውኃ አሁንም ትርፍ ነገር አይደለም። ባሕሩ አንድ ቀን ቢታወክ ኢየሩሳሌም የምትመለስበት እርሱ ነው። በ2014 ዓዶላም ላይ የተሰጠው ውሳኔ ያዳነው ይህን መጠባበቂያ ነው።

ኦጋዴን

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሰፊ ምድር በሶማሌ ክልል ያለው ኦጋዴን ነው። በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ የታወቀው በ1970ዎቹ የአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ ሲቆፍር ነው። ከዚያ ብዙ እጆች ተፈራረቁበት። በ2013 የቻይናው ፖሊ-ጂሲኤል ስምምነት ፈረመ፤ በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር ውሉን አቋረጠ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ የጋዝ ምርት በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ተመረቀ። ለነዳጅ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሪ ሸክም ለሆነባት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው።

በዚያው አካባቢ ግን ሌላ ድምፅም ተሰምቷል። በ2020 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ በካሉብ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ዓይንን ቢጫ ስለሚያደርግና ሰውነትን ስለሚያሳብጥ፣ ሰውም ስለሚገድል ሕመም ያነሡትን አቤቱታ አወጣ። ነዋሪዎቹ ከቁፋሮው ቦታ የሚወጣ ኬሚካል ውኃቸውን መርዞታል ብለው ያምኑ ነበር። የመንግሥት ባለሥልጣናት ክሱን አልተቀበሉም፤ ፕሮጀክቶቹ ለጤናም ለአካባቢም ችግር እንደማያመጡ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ክርክር የሚቋጨው አንዱ ወገን ጮክ ብሎ ስለተናገረ አይደለም። ከቁፋሮ በፊትና በኋላ የተወሰደ የውኃ ናሙና ሲኖርና የሚጠጣው ሕዝብ በቋንቋው ሲያነበው ነው።

የኦጋዴን አርብቶ አደር የውኃ አያያዝ ደግሞ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ብዙው ሰው የሚጠጣው ብርካ ከሚባል የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በመሬት ላይ የሚሄደው ጎርፍ ይገባበታል። ጋዙ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቅ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚደረገው ብርካውን ላይነካው ይችላል። ከገንዳ የፈሰሰ ቆሻሻ ወይም ሜዳ ላይ የተጣለ የኬሚካል በርሜል ግን በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ሰውና ግመል አፍ ይደርሳል። እዚያ ቁፋሮ ሲካሄድ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው የላዩ መሬት ነው፤ ገንዳው ታጥሮና ተሸፍኖ፣ በርሜሉ ተቆጥሮ፣ ቆሻሻው የሚሄድበት ታውቆ።

አንባቢ ምን ያድርግ?

በእስራኤል የሚኖር አንባቢ ካሰበው በላይ ኃይል አለው። የውኃ አቅራቢ ድርጅቶች የሚያደርጉትን የጥራት ምርመራ ውጤት ማሳወቅ አለባቸው፤ ሀጊሖንም የኢየሩሳሌምን ያወጣል። በአንድ አካባቢ ላይ የግንባታ ፕላን ለሕዝብ ዕይታ ሲቀርብ፣ ጉዳት ይደርስብኛል የሚል ሰው በ60 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። የዓዶላም መንደሮች ያሸነፉት በገንዘብ አይደለም። ቀኑ ሳያልፍ ጽፈው፣ በስብሰባው ላይ ተገኝተው፣ «ከሥር ያለው ውኃ የማን ነው?» ብለው ስለጠየቁ ነው።

በቤት ሼሜሽ፣ በሐደራ፣ በሮሽ ሃዓይንና በአሽኬሎን ያሉ ወገኖች እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በዕብራይስጥ ሲለጠፍ ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው ይጠይቁ፤ የሰፈር ኮሚቴውንም ያነጋግሩ። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በካሉብና በሂላላ ዙሪያ ያሉትን ብርካዎችና የውኃ ጉድጓዶች በገለልተኛ ላብራቶሪ ያስመርምሩ፤ ውጤቱንም በሶማሊኛና በአማርኛ ለሕዝብ ያውጡ። ጋዙ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እዚያው የቆየ ነው፤ ለአንድ የውኃ ምርመራ ጥቂት ወራት መጠበቅ አይጎዳውም።